የሰይጣን ጥፍር

አሮጌ ሮታሪ ሞተር የሚመረምር መካኒክ በድምፁ ብቻ አይፈርድም። የባለሦስት ማዕዘኑን ሮተር ሦስት ፊቶች ኮምፕሬሽን ለየብቻ ይለካል፤ ሁለቱ አብረው ከወረዱ፣ በመካከላቸው ያለው የጫፍ ማሸጊያ ተበልቶ ሊሆን ይችላል።

የሂሮሺማዎቹ የማዝዳ መሐንዲሶች ይህን ጉዳት ቀድመው አይተውታል። እ.ኤ.አ. በ1963 የሮታሪ ምርምር ክፍሉን መምራት የጀመሩት ኬኒቺ ያማሞቶና ባልደረቦቻቸው የሙከራ ሞተር ሲፈቱ፣ የውስጥ ግድግዳው እንደ ሞገድ ተቧጭሮ አገኙት። «የሰይጣን ጥፍር» አሉት። ማሸጊያው ራሱ እየተንቀጠቀጠ ነበር የሚቧጭረው። እሱን ለውጠው በ1967 ኮስሞ ስፖርትን ለገበያ አወጡ።

በዚያው ዓመት የወጣው የጀርመኑ ኤንኤስዩ ሮ 80 ግን ማሸጊያው ደንበኛ እጅ ከገባ በኋላ አለቀ፤ የዋስትና ወጪው ኩባንያውን ክፉኛ ጎዳው።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ሞተርም ቢሆን፣ መንግሥትም ቢሆን።