ዝምታን ያስተማርናት እኛው ነን



ዛሬ ስለ መታወቂያና ስለ ከሻ አልጽፍም። ስለ ልጄ ልንገራችሁ። እስከ ዛሬ ያልነገርኳችሁ አፍሬ ነው።

ከጦርነቱ በፊት ነው፣ ባሕሪ ሳለን። ልጄ ስድስት ዓመቷ ነበር፤ አንደኛ ክፍል ከገባች ገና ሦስት ወሯ። አንድ ቀን አስተማሪዋ አስጠራችኝና «ልጅህ አትናገርም፣ ሒሳብም አልገባትም፤ እንዲህ ከቀጠለች ክፍሉን ትደግማለች» አለችኝ።

እኔ ያን ሰሞን የሰው ጉዳይ ይዤ ከቢሮ ቢሮ እዞር ነበር። ሱዳን የተቀበለችው የ1951ዱ የስደተኞች ስምምነት፣ አንቀጽ 22፣ የስደተኛ ልጅ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ከአገሬው ልጅ እኩል ይታይ ይላል እያልኩ ለስንቱ ወላጅ አስረድቻለሁ። የራሴን ልጅ ደብተር ግን አንድ ቀን ገልጬ አላየሁም።

ያን ማታ ገለጥኩት። ቀይ በቀይ ነው። ዐረብኛ እናገራለሁ እንጂ ማንበብ አልችልም፤ ቁጥሩን ግን ከገበያ አውቀዋለሁ። አምስት ሲደመር አንድ ለሚለው ልጄ «አንድ» ብላ መልሳለች። ግራ ገባኝ። ኋላ ነው የገባኝ። ቁጥር ያስተማረቻት እናቷ ናት፣ እኛ በለመድነው አጻጻፍ። የዐረቦቹ አምስት ደግሞ የእኛን ዜሮ ትመስላለች፤ ዜሯቸው ነጥብ ብቻ ናት፤ ስድስታቸው የእኛን ሰባት ትመስላለች። ልጄ «ዜሮ ሲደመር አንድ» ብላ አንብባለች። ላነበበችው መልሷ ልክ ነበር።

«ታዲያ ለምን አስተማሪሽን አልጠየቅሽም?» አልኳት። ብዙ ቆየችና «አንተ አታውሪ ብለኸኝ የለ?» አለችኝ።

እውነቷን ነው። አውቶቡስ ላይ፣ ገበያ መሀል፣ ከሻ አለ በተባለ ቁጥር «ዝም በይ፣ አማርኛ አታውሪ» ያልናት እኛ ነን። ቤት እንግዳ መጥቶ ጥግ ይዛ ስትቀመጥም «እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ!» ብለን አመስግነናታል። ዓይን አፋርነቷ ከፊሉ ተፈጥሮዋ ይሆናል፤ የቀረውን ግን እኛ አስተማርናት።

ከዚያ ወዲያ ከራት በኋላ ሃያ ደቂቃ የእሷ ሆነ። መብራት ከሄደ በስልክ መብራት። ሁለቱን ዓይነት ቁጥር ጎን ለጎን ካርቶን ላይ ጽፈን ግድግዳው ላይ ለጠፍን። ስትሳሳት «አይደለም» ማለቴን ትቼ «እስቲ እንዴት አሰብሽው?» እላት ጀመር። ከሁሉ በላይ የረዳት ግን እኔን ማስተማሯ ነው። እሷ አስተማሪ፣ እኔ ተማሪ፤ የዐረብኛ ፊደል ታስቆጥረኛለች። እንደ ለመድኩት ከግራ ስጀምር «ከዚህ ነው!» ብላ እጄን ወደ ቀኝ ትወስደዋለች፤ ከዚያ ትስቅብኛለች። ድምፅዋ ከፍ ሲል የሰማሁት ያኔ ነው።

ካርቶኑን ለአስተማሪዋም ወስጄ አሳየኋት። አይታ ዝም አለች፤ ከዚያ ልጄን የፊት ወንበር ላይ አስቀመጠቻት። ዓመቱ ሳያልቅ ልጄ ክፍሏን አገኘች።

አንድ አርብ በመክ ኒምር ድልድይ ወደ ካርቱም ስንሻገር፣ በሰው በተሞላ አውቶቡስ ውስጥ፣ ጮክ ብላ በአማርኛ «አባዬ፣ ይሄ ውሃ ነው ከአገራችን የሚመጣው?» አለችኝ። ሰው ዞሮ አየን። እጄ እንደ ልማዱ ወደ አፏ ሄደ። መለስኩት። «አዎ ልጄ፣ አባይ ነው፣ ከጣና የሚመጣው» አልኳት፣ ድምፄን ሳልቀንስ። አልፈራሁም አልላችሁም፤ ፈርቻለሁ።

ጦርነቱ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ በፋሲካ ዋዜማ ተጀመረ። ለዶሮው የገዛነውን ሽንኩርት እንኳ ሳንከትፍ ቀረን። ስንወጣ ካርቶኑም እዚያው ግድግዳ ላይ ቀረ።

ዛሬ ገዳሪፍም፣ መተማም፣ ካይሮም፣ ካምፓላም ያላችሁ ወላጆች፣ ልጆቻችሁ ከትምህርት ወደ ኋላ እንደቀሩ በየቀኑ ትጽፉልኛላችሁ። አስጠኚ የሚቀጠርበት ገንዘብ እንደሌላችሁ አውቃለሁ፤ እኔም አልነበረኝም። ዛሬ ማታ ደብተሩን ግለጡ። ልጁ ዝም ካለ አልገባውም ብላችሁ አትፍረዱ፤ ማን ዝም በል እንዳለው መጀመሪያ ራሳችሁን ጠይቁ። ከዚያ እሱ ያስተምራችሁ።

የእናንተንም ከታች ጻፉልኝ፣ አነባለሁ። ቸር ይግጠመን።