የእንጦጦ ቁልቁለት በክረምት

እንጦጦን በበጋ ብቻ የሚያውቁት ከሆነ ገና ግማሹን ነው የሚያውቁት። በነሐሴ አንድ ቅዳሜ፣ ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ጠዋት ላይ ጋብ ሲል፣ ብስክሌትዎን መኪና ላይ ጭነው ይውጡ። ከሽሮ ሜዳ ከፍ እንዳሉ የረጠበ ባሕር ዛፍ ሽታ ይቀበልዎታል። ጉሙ ሲገፈፍ አዲስ አበባ ከእግርዎ ሥር ተዘርግታ ያገኟታል፤ ተመልሶ ሲወርድ ደግሞ አጠገብዎ ያለውን ሰው ይሰውርብዎታል።

ዐፄ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥትነት ዘውድ የደፉት እዚሁ እንጦጦ ማርያም ነው። ወደ 3,000 ሜትር ከፍታ ያለው ይህ ጀርባ ውኃም ይከፍላል፤ በሰሜን በኩል የወረደው ዝናብ ወደ ዓባይ፣ በደቡብ የወረደው በአቃቂ አድርጎ ወደ አዋሽ ይሄዳል። ይህን ለ11 ዓመቱ የእህቴ ልጅ ስነግረው የውኃ ኮዳውን ከፍቶ ግማሹን በግራ፣ ግማሹን በቀኝ አፈሰሰና «ይሄኛው ግብፅ ይገባል» አለኝ።

ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ ግን መውጣታችን ሳይሆን መውረዳችን ነው።

ባለፈው ክረምት አምስት ቅዳሜ አብረን ወጣን። የልጁ ብስክሌት ፍሬኑ ባለ ዲስክ ሆኖ በካቦ የሚሠራ ነው። በሁለተኛው ሳምንት የፍሬኑ እጀታ ላላ፤ ካቦውን አጠበቅኩለት። በሦስተኛው እንደገና ላላ፤ እንደገና አጠበቅኩ። በአራተኛው ፍሬኑ ሲጮህ ሰምቼ «ጭቃ ነው» ብዬ አለፍኩት። በአምስተኛው፣ መኪናችን ወደ ቆመችበት በሚወስደው ቁልቁለት ላይ፣ ከኋላዬ «አጎቴ፣ አይዝም!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዞር ከማለቴ አጠገቤ አለፈ። ዕድለኛ ነን፤ ልጁ መሪውን ወደ ሣሩ አዙሮ ወደቀ። ጉልበቱና ክርኑ ከመላጣቸው በቀር ምንም አልሆነም። ትንሽ ዝቅ ብሎ ከመታጠፊያው ሥር ግን ባሕር ዛፍ የጫነ አይሱዙ እያቃሰተ ይወጣ ነበር። እኔ እጄ እየተንቀጠቀጠ፣ እሱ ነው ያጽናናኝ።

መካኒኩ የፍሬን ሸራውን አውጥቶ መዳፌ ላይ አስቀመጠው። የቀረው ባዶ ብረት ነበር። «ካቦው አልላላም፤ ያለቀው ሸራው ነው። ባጠበቁ ቁጥር ማለቁን ሸፈኑት» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእንጦጦ አፈር ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጨ ነው። ሲረጥብ ደቃቁ አሸዋና ጭቃው በዲስኩና በሸራው መካከል ገብቶ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል። በደረቅ መንገድ ወራት የሚቆይ ሸራ በጭቃ ውስጥ በጥቂት ቀን፣ አንዳንዴም በአንድ ጉዞ ሊያልቅ ይችላል። በዘይት ግፊት የሚሠራ ፍሬን ያለዎት ከሆነ ይበልጥ ይጠንቀቁ፤ ሸራው በሳሳ መጠን ፍሬኑ ራሱን እያስጠጋ ስለሚሄድ እጀታው ምንም ሳይነግርዎት ሸራው ያልቃል።

ስለዚህ ከመውጣትዎ በፊት የስልክዎን መብራት አብርተው ዲስኩን የሚነክሰውን ክፍል ከላይ ወደ ውስጥ ይመልከቱ። ከብረቱ ላይ የተለጠፈው ሸራ እንደ ኤቲኤም ካርድ ከሳሳ ይቀየር። ሲገዙም ዓይነቱን ይጠይቁ። የሬዚን ሸራ ድምፅ የለውም፤ በጭቃ ግን ቶሎ ያልቃል። የብረት ቅልቅሉ ይጮሃል፤ ክረምቱን ግን የተሻለ ይችላል። ዲስክዎ ላይ ለሬዚን ብቻ የሚል ጽሑፍ ካለ የብረቱን አይግጠሙ። አዲስ ሸራ ካስገጠሙ በኋላ ሜዳ ላይ ፈጠን እያሉ፣ ፍሬኑን ቀስ በቀስ እየያዙ ሃያ ጊዜ ያህል ያለማምዱት፤ በመጀመሪያው ቀን ሙሉ ጉልበት የለውም።

ለልጅዎ ደግሞ አወራረድ ያስተምሩት። ልጆች ሲፈሩ ከላይ እስከ ታች ፍሬን እንደያዙ ይወርዳሉ፤ ሸራው ይግላል፣ ይፋቃል። ሁለቱንም ፍሬን አንድ ላይ ይያዝ፣ ፍጥነቱ ሲቀንስ ይልቀቅ፣ ደግሞ ይያዝ። ከወረዱ በኋላ ዲስኩን በእጁ እንዳይነካው፤ ያቃጥላል። ቤት ስትደርሱ ጭቃውን በንጹሕ ውኃ እጠቡ። ካቴናውን ዘይት ስትቀቡ ግን ዲስኩን ሸፍኑት፤ ዘይት የነካው ሸራ አይዝም።

ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው። ብስክሌት ስንሸጥ ቀለሙንና ማርሹን እናሳያለን እንጂ «ይህ ክፍል ያልቃል» ብለን ማስታወቂያ አንሠራም። እኔም ገዢ ስሆን አልጠየቅኩም።

ዘንድሮ ነሐሴ ሲገባ ልጁ «እንሄዳለን ወይ?» ሲል እናቱ ዝም ብላ እኔን አየችኝ። ስልኬን አውጥቼ መብራቱን አበራሁና ለእሱ ሰጠሁት። በርከክ ብሎ የፊቱንም የኋላውንም ሸራ አየና «ከካርዱ ይወፍራል» አለ። እህቴ ራሷም ጎንበስ ብላ አየች። ከዚያ በኋላ ነው ብስክሌቶቹን የጫንነው።