«እረፉ» አትበሏቸው

አማርኛችን አንዳንዴ ይጨክናል። ሰው ሥራ ሲያቆም «አሁንማ እረፍ» እንለዋለን፤ ሲሞት ደግሞ «አረፈ» እንላለን። በሁለቱ መሀል ላለችው ዕድሜ ቃል ያዘጋጀንላት አይመስልም። «ጡረታ» እንዳትሉኝ፤ እሱ የደሞዝ ስም እንጂ የኑሮ ስም አይደለም።

አባቴና እናቴ ጡረታ ከወጡ ጥቂት ዓመታት ሆኗቸዋል። እሱ የታሪክ አስተማሪ ነበር፣ እሷ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ። ሁለቱም 60 ሲሞላቸው ተሸኙ፤ ጋቢ ተሸለሙ፣ ፎቶ ተነሱ፣ ኬክ ተቆረሰ። ከዚያ አያት ኮንዶሚኒየም፣ 4ኛ ፎቅ ላይ ወጥተው ተቀመጡ። ዘመድ ወዳጅ በመጣ ቁጥር ምክሩ አንድ ነው፦ «ልጅ አሳድጋችኋል፣ ለፍታችኋል፤ እንግዲህ እረፉ።» ታላቅ እህቴ ትልቅ ቴሌቪዥን ገዛችላቸው። አባቴ በሁለት ወር ውስጥ የቱርክ ድራማ ሰዎችን ከነዘር ማንዘራቸው አወቀ። የእናቴ ጉልበት ደግሞ ደረጃውን እየጠላ መጣ።

የነሱን ዘመን ሰው ታውቁታላችሁ። ያለምክንያት ከቤት አይወጣም። ለቅሶ፣ ሰርግ፣ ክርስትና፣ ንግሥ፣ የታመመ ጥየቃ... እነዚህ ምክንያት ናቸው። «ሽርሽር» የሚባለው የልጆች፣ የፍቅረኞችና የፈረንጅ ነው። «ወዴት ነው?» ሲባሉ «የትም» ብሎ መመለስ ያሳፍራቸዋል። ሥራ ሲቆም ታዲያ ዋናው ምክንያት አብሮ ይቆማል፤ የሚቀረው ለቅሶ ይሆናል።

ነገሩን የቀየረችው እናቴ ናት። አንድ ማክሰኞ «ይሄ ባቡር መጨረሻው የት ነው?» ብላ ጠየቀች። ባቡሩ ሥራ የጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው፤ እሷ ግን ከመገናኛ አልፋበት አታውቅም። ተነሱና ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች ሄዱ። ወርደው ሻይ ጠጡ። በባቡር ተመለሱ። ማታ ስደውል «ጦር ኃይሎች ምን ነበራችሁ?» አልኳት። «ምንም» አለች፣ እየሳቀች። እናቴ እንዲህ ስትል ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ማክሰኞና ሐሙስ የነሱ ቀን ሆነ። ለምን ረቡዕና ዓርብ አልሆነም? ጾም ነዋ! ማኪያቶ የሌለበትን ሽርሽር አባቴ ከሽርሽር አይቆጥረውም። የሚወጡት ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ነው፤ የታክሲው ሰልፍ አጥሮ፣ ፀሐይዋ ሳትከር። ቦርሳ ውስጥ ቆሎና ውሃ ይያዛል፤ የጡረታ ብር የሁለት ሰው ምሳ ውጭ አይደፍርም።

አንድ ሳምንት አምስት ኪሎ፣ ብሔራዊ ሙዚየም ገቡ። አባቴ ስለ ሉሲ ስንት ዓመት አስተምሯል፤ እናቴን ግን ወስዶ አሳይቷት አያውቅም። ሐዳር ላይ በ1967 ዓ.ም. መገኘቷን፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት እንደሚሆናት ሲያስረዳት «እሷንስ ቢሆን ማን እንድታርፍ ተዋት!» አለችው አሉ።

ሌላ ሳምንት እንጦጦ። እናቴ እንጦጦን የምታውቀው በጸበል ነው፤ በ2013 ዓ.ም. የተከፈተውን ፓርክ በቴሌቪዥን ብቻ ነበር ያየችው። ቦታው ከ3,000 ሜትር በላይ ነውና ቀስ እያሉ ተራመዱ። መጀመሪያ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የደፉበትን የእንጦጦ ማርያምን ተሳለመች (ምክንያት መፈለጓን ጨርሶ አልተወችም)፤ ከዚያ ባህር ዛፍ ሥር ቁጭ ብለው ከተማውን ቁልቁል አዩት። ጡረታ የተከፈለ ሰሞን ደግሞ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ቢሾፍቱ ይወርዳሉ፤ ሐይቁን ከላይ እያዩ እሱ አንድ ቢራ፣ እሷ አንድ አምቦ ውሃ።

ሁሉም ግን እንዲህ አይጣፍጥም። ከፒያሳ የሚመለሱት ዝም ብለው ነው። የተጋቡትም እኛን የወለዱትም ዶሮ ማነቂያ ነው። ኮንዶሚኒየም ደርሷቸው ሲለቁ ጎረቤቱ እዚያው ነበር፤ በ2016 ዓ.ም. ሰፈሩ ሲፈርስ እሱም ተበተነ። አባቴ አዲሱ የእግረኛ መንገድ ላይ ቆሞ «እዚህ ጋ ነበር» ይላል። እናቴ «አይ፣ ትንሽ ወረድ ብሎ» ትላለች። መንገዱ ሰፊ ነው፣ ንጹሕም ነው፤ ሰላም የሚላቸው ሰው ብቻ የለበትም። ስለዚህ አሁን የጎረቤቶቻቸውን ስልክ አንድ በአንድ እየሰበሰቡ፣ በከተማው በዚህና በዚያ ጫፍ እየፈለጓቸው ነው። «ስሞት ድንኳኑን የማያውቀኝ ሰው ብቻ እንዳይሞላው» ትላለች እናቴ፣ ቀለል አድርጋ።

አንድ ነገር ልጨምር። አባቴ ዕድሜ ልኩን ከእናቴ ሦስት እርምጃ ቀድሞ ነው የሚሄደው። ሲቸኩል የኖረ ሰው ነው፤ ክፍለ ጊዜ፣ ደወል፣ ታክሲ። አሁን ጉልበቷን ስለሚያማት እሱም ቀስ ይላል። ጎን ለጎን ይሄዳሉ። ያወራሉም። ምን እንደሚያወሩ ብጠይቅ መልሱን ታውቁታላችሁ፦ «ምንም»።

እና ወዳጆቼ፣ ሶፋ ላይ የተቀመጡ ሁለት ሰዎች ቤታችሁ ካሉ፣ የባቡር ትኬት ከቴሌቪዥን ይረክሳል። «የት እንሂድ?» ካሏችሁ «የትም» በሏቸው። ማረፉ ይደርሳል።