ቦስተን፣ የጎመኗ

ቦስተን ሲባል ለብዙዎቻችን የምትታየን የአሜሪካዋ ናት። እኛ የሄድነው ግን በ1630 ስሟን ላዋሰቻት ለሊንከንሺሯ፣ ለትንሿ የእንግሊዝ ቦስተን ነው። ቅዳሜ ስለነበር ገበያው ቆሟል (ረቡዕም ይቆማል)። ከ80 ሜትር በላይ በሚረዝመው የቅዱስ ቦቶልፍ ቤተ ክርስቲያን ግንብ ሥር ድንቹ፣ ጥቅል ጎመኑ ይቸበቸባል። ሻጩ በእንግሊዝኛ ይጮሃል፤ ወረፋው ግን ፖላንድኛም ሊቱዌንኛም ያወራል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2004 የምሥራቅ አውሮፓ አገሮች ኅብረቱን ሲቀላቀሉ፣ ጎመኑን የሚቆርጥና የሚያሽግ ሰው ይፈለግ ነበርና መጡ። ከተማዋ ሞላች፤ ኪራዩ፣ የሐኪም ቀጠሮው፣ የትምህርት ቤት ቦታው ሁሉ ማነጋገር ጀመረ። በ2016ቱ ሕዝበ ውሳኔ ድምፅ ከሰጠው 75.6 በመቶው «ከኅብረቱ እንውጣ» አለ። ከመላው ብሪታንያ አንደኛ!

«ዘረኞች ናቸው» ብሎ መገላገል ይቀላል። እኛም ሳንሄድ በፊት ብለናል፣ አንዋሽም። ወረፋው ላይ ግን አንድ አዛውንት የሐኪም ቀጠሮ ጠፋ ብለው ሲያማርሩ፣ ከኋላቸው የቆመች ሊቱዌንያዊት በተሰባበረ እንግሊዝኛ እሷም ሦስት ሳምንት መጠበቋን ነገረቻቸው። ከዚያማ ምን ይጠየቃል፣ ሁለቱም አንድ ላይ መንግሥትን ሲያሙ ወረፋቸው አለፈ።