አይከል፦ ሽማግሌዎቹ ሲገቡ የሚፈነዳው ሳቅ

ከጎንደር ተነስተው አዘዞ ሲደርሱ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ባሕር ዳር፣ ሌላው ወደ መተማ። የመተማውን ይዘው ወደ ምዕራብ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ከተጓዙ የጭልጋዋ አይከል ትቀበልዎታለች። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስላለች ማታ ማታ ጋቢ ታስመኛለች። ከእርሷ በኋላ ደጋው እያለቀ፣ መንገዱ ወደ ቆላው እየወረደ፣ ሙቀቱም እየጨመረ ይሄዳል።

የጭልጋ ምድር ለእንግዳ የሚነግረው አያጣም። ተመራማሪዎች በዚህ አካባቢ 27 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ያላቸውን የጥንት ዝሆን ዘመዶች ቅሪተ አካል አግኝተዋል። በጎንደር ነገሥታት ዘመን ደግሞ ወደ ስናር የሚወርዱም፣ ከስናር የሚመጡም ነጋዴዎች የሚያልፉት በዚሁ በኩል ነበር። ዛሬም አይከል የመንገድ ከተማ ናት። የጭነት መኪናው፣ ሚኒባሱና ባጃጁ እየተጋፋ ያልፋል፤ ሻይ ቤቶቹም ከመንገደኛ አይለዩም።

እኔን ወደዚያ የወሰደኝ የመሥሪያ ቤት ጉዳይ ነበር። ስመለስ ግን ጭንቅላቴን የሞላው ስለ አንድ የፊልም ዓይነት ያየሁት ነገር ነው፤ ሁላችንም «ቀላል ነው» እያልን ስለምናልፈው አስቂኝ የፍቅር ፊልም።

«ያ የሹፌሩ ፊልም»

በእንግድነት የተቀበለኝ ቤተሰብ ቤት እራት ተበልቶ ቡናው ሲፈላ፣ ትንሹ ልጅ ፍላሹን ቴሌቪዥኑ ላይ ሰካ። የቆየ አማርኛ ፊልም ነው። ርዕሱን ከቤቱ ሰው የሚያስታውስ የለም፤ «ያ የሹፌሩ ፊልም» ነው የሚሉት። ታሪኩን ለመገመት አይቸገሩም፦ ደሃ ሹፌር፣ የሀብታም ልጅ፣ ቁጡ አባት፣ አፈ ጮሌ ጓደኛ፣ በመጨረሻም ሠርግ። «ይህን ስንት ጊዜ አይታችሁታል?» ብዬ ስጠይቅ ሁሉም ሳቁ።

ሙያዬ ማርኬቲንግ ነው። በእኛ ሥራ አንድ ሰው ዕቃ አንድ ጊዜ መግዛቱ ብዙም አያስደንቅም፤ ተመልሶ ሲመጣ ነው «ምን አግኝቶበት ነው?» የምንለው። ስለዚህ ፊልሙን ትቼ ተመልካቾቹን ማየት ጀመርኩ።

ጥንዶቹ ዓይን ለዓይን ሲተያዩ ቤቱ ጸጥ ይላል፤ ልጆቹም አንገታቸውን ይደፋሉ። ትልቁ ሳቅ የመጣው ሽማግሌ ሲላክ ነው። በፊልሙ ውስጥ ሽማግሌዎቹ እንደገቡ ሶፋው ላይ ዘና ብለው ተቀመጡ። የቤቱ አባወራ ይህን መታገሥ አልቻሉም። «የምን ሽማግሌ ነው ጉዳዩ ሳይሰማለት የሚቀመጥ!» አሉ። ሽማግሌ ቆሞ እንደሚለምን፣ በመጀመሪያው ቀን «እሺ» እንደማይባል፣ «ከዘመድ እንማከር» ተብሎ ቀጠሮ እንደሚሰጠው ከፊልሙ ድምፅ በላይ ጮክ ብለው አስረዱኝ። ባለቤታቸው ቡናውን እየቀዱ «ኧረ ይተዉአቸው፤ የአዲስ አበባ ሽማግሌዎች ናቸው» ሲሉ ቤቱ በሳቅ ፈነዳ።

ትንሽ ቆይቶ የልጅቷ አባት «አንቺስ ትፈልጊዋለሽ ወይ?» ብሎ ልጁን ጠየቀ። እናትየዋ ስኒውን እንደያዙ «እሷንስ ጠየቋት፤ እኔን ማን ጠየቀኝ?» ብለው ሳቁ። 12ኛ ክፍል የምትማረው ልጃቸው ግን አልሳቀችም።

«ስንት ዓመትሽ ነበር፣ እማ?»

«እኔንጃ ልጄ፣ ዓመቱን ማን ቆጠረልኝ?»

ከዚያ በኋላ ፊልሙን የተከታተለው ትንሹ ልጅ ብቻ ይመስለኛል። እናትየዋ ስለ ሠርጋቸው ቀን፣ ባላቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ ስላዩበት ሰዓት፣ ማታ ማታ ወደ እናታቸው ቤት መመለስ ያምራቸው እንደነበር እየሳቁ አወሩ። አባወራውም ዝም ብለው አዳመጡ። በዚያች ቤት ይህ ወሬ ያለ ፊልሙ ይነሳ ነበር ብዬ አላስብም።

ጥያቄው የቆየ ነው

አስቂኝ የፍቅር ታሪክ በአማርኛ ከፊልሙ በፊት መድረክ ላይ ነበር። መንግሥቱ ለማ በ1950ዎቹ ያቀረባቸውን ሁለት ኮሜዲዎች ያስታውሷል። «ያላቻ ጋብቻ» ውስጥ ከትልቅ ቤት የተወለደ የተማረ ሰው ገጠር ገብቶ ያስተምራል፤ የቤት ሠራተኛውንም ይወዳል፤ ዘመድ ደግሞ ይህን አይቀበልም። «ጠልፎ በኪሴ» በጠለፋ ጋብቻ ላይ ይስቃል። ሁለቱም የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ ማን ማንን ያገባል? የሚወስነውስ ማነው?

ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ የቪዲዮ ካሜራ የፊልም ሥራን ወጪ ሲያቀልለው ጥያቄው ወደ ሲኒማ ቤት ገባ። የቴዎድሮስ ተሾመ «ቀዝቃዛ ወላፈን» ፍቅርንና ኤች አይ ቪን ይዞ ተመልካቹን ሲያስለቅስ፣ በኋላ የመጡት እንደ «የወንዶች ጉዳይ» ያሉ ፊልሞች አሳቁት። አስቂኝ የፍቅር ፊልም ከአዲስ አበባ ሲኒማ ቤቶች በሲዲ፣ ከዚያም በፍላሽ እስከ አይከል ደረሰ።

በ1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ለጋብቻ 18 ዓመት መሙላትንና የሁለቱንም ተጋቢዎች ነጻ ፈቃድ ይጠይቃል። የአማራ ክልልም የራሱን የቤተሰብ ሕግ አውጥቷል። ሆኖም ያለ ዕድሜ ጋብቻ በክልሉ ረጅም ታሪክ አለው፤ ሕጉም ሁሉም ቤት እኩል አልደረሰም። እነዚህ ፊልሞች ደግሞ ሴት ልጅ ስትጠየቅ፣ ስታመነታ፣ «አልፈልግም» ስትል ያሳያሉ። ሹፌሩና የሀብታም ልጅ እውነት አይመስሉም ይሆናል። አባት ልጁን ሲጠይቅ ማየት ግን በዚያ ሳሎን ትልቅ ነገር ነበር።

ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። በ2017 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የወጣው የፊሊፒንስ ፊልም «ኪታ ኪታ» ጃፓን ውስጥ የምትኖር፣ የዓይኗን ብርሃን ያጣች ፊሊፒናዊትን ከአንድ መልኩ ከማያማልል የአገሯ ልጅ ጋር ያገናኛል። በአነስተኛ ወጪ ተሠርቶ በአገሩ ከፍተኛ ገቢ አስገኝቷል። እዚያም ሰዉን የሳበው «አቻዋ ነው ወይ?» የሚለው ጥያቄ ይመስለኛል።

አሁን የሚያሰጋው አብሮ ማየቱ ነው። በ2008 ቃና ቴሌቪዥን ሲጀምር በአማርኛ የተተረጎሙ የውጭ ድራማዎች ሳሎኑን ያዙት፤ ያኔም ቢሆን ቤተሰቡ በአንድ ላይ ይቀመጥ ነበር። ዛሬ ግን በየቤታችን እያንዳንዱ የየራሱን ስልክ ይዞ ለብቻው ይስቃል። ለብቻ በሳቁበት ነገር ደግሞ «እኔን ማን ጠየቀኝ?» የሚል እናት አይገኝም።

ለመሄድ ካሰቡ

ከአዲስ አበባ ጎንደር በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ ነው። የፋሲል ግቢን ካዩ በኋላ ፒያሳ ላይ በጣሊያን ዘመን የተሠሩትን ሕንፃዎች እግረ መንገድዎን ይመልከቱ። ወደ አይከል ከመነሳትዎ በፊት የመንገዱን ሁኔታ ከአካባቢው ሰው ይጠይቁ፤ ወፍራም ልብስም ይያዙ። ቤት ጠርተው ቡና ካፈሉልዎት ደግሞ የሚወዱት ፊልም የትኛው እንደሆነ ይጠይቋቸው። ራስዎም ቤት ቢሆን ከልጆችዎና ከእናትዎ ጋር አንድ የቆየ የፍቅር ኮሜዲ ይክፈቱ። ሽማግሌዎቹ ሲገቡ ድምፁን ቀንሰው «በእናንተ ጊዜስ እንዴት ነበር?» ይበሉ።