ለዶርዜ ዜማ የሚመጥን ሄድፎን

አርባ ምንጭ ሆናችሁ ለጌምም ለሙዚቃም የሚሆን ሄድፎን የምትፈልጉ፣ መፈተኛው እዚሁ ደጃችን አለላችሁ፤ የዶርዜ የኅብረት ዘፈን። ብዙ ድምፆች እየተቀባበሉና እየተደራረቡ ይሄዳሉ። ፈረንሳዊው የሙዚቃ ተመራማሪ በርናር ሎርታ-ዣኮብ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ቀርጾታል። ጥሩ ሄድፎን እያንዳንዱን ዘፋኝ ለይቶ ያሰማችኋል። ባሱ ብቻ የሚደልቀው ግን ሁሉንም አንድ ጩኸት ያደርገዋል፤ ያን ዜማ እንደዚያ ሆኖ ስሰማው ከልቤ አዝናለሁ። በካውንተር ስትራይክ ጌምም የጠላት ኮቴ ከግራ ይሁን ከቀኝ የሚያሳውቃችሁ ይኸው የመለየት ችሎታ ነው።

ጀርባው ክፍት የሆነው ሄድፎን ድምፁ ሰፋ ይላል፤ ነገር ግን የውጭውን ጫጫታ ያስገባል። ሲቀላ መንገድ ዳር፣ ባጃጅ በማያባራበት ለሚኖር ሰው ዝጉን እመክራለሁ።

አምፕሊፋየሩስ? መጀመሪያ ኦሙን፣ ማለትም የሄድፎኑን የኤሌክትሪክ መቋቋም መጠን፣ እዩ። ቤየርዳይናሚክ ዲቲ 770 ፕሮ በ32፣ በ80 እና በ250 ኦም ተሠርቷል። ባለ 32ቱ ለላፕቶፕ ብዙም አይከብድም። ባለ 250ው፣ ወይም 300 ኦም የሆነው ሴንሃይዘር ኤችዲ 600 ግን ያለ አምፕሊፋየር ድምፁ ሊደክም ይችላል። እኔ ኃይሉን ከዩኤስቢ የሚወስደውን ትንሹን አምፕሊፋየር እመርጣለሁ፤ መብራት ቢጠፋም የላፕቶፑ ባትሪ እስካለ ድረስ ይሠራል።