ፈረስ ያስተዋወቀን አገር

ካቺሲ በሦስት ወገን በገደል የተከበበ አገር ከተማ ናት። የግንደ በረት ደጋ በምሥራቅ ወደ ሙገር፣ በሰሜን ወደ ዓባይ፣ በምዕራብ ወደ ጉደር ሸለቆ ይወርዳል። ከዓባይ ማዶ ጎጃም ነው። ገደል ሳይወርዱ የሚወጡበት በር አንድ ብቻ ነው፤ በጀልዱ በኩል ወደ ግንጪ የሚወስደው የደቡቡ መንገድ። ግንጪ ላይ አስፋልቱ ይገኛል፤ በስተግራ አዲስ አበባ፣ በስተቀኝ አምቦ።

እኔ የማስታውሰው ከካቺሲ እስከዚያ አስፋልት ያለው አገር በፈረስ የሚታይበትን ዘመን ነው። በበጋ የጭነት መኪና ይመጣል፤ ሰውም ከእህል ጆንያ ላይ ተቀምጦ ይሄዳል። ክረምት ሲገባ ግን ጭቃው ጎማ ይይዛል፤ መኪና የሚባል ነገር መስከረም እስኪጠባ አይታሰብም። ትምህርት ቤት የሚዘጋው ደግሞ በዚያው በክረምት ነው። ስለዚህ አምቦ ወይም አዲስ አበባ የሚማር ልጅ ለዕረፍት ሲመጣ ከቤት ፈረስ ይላክለታል። ወንድሙ ወይም የአጎቱ ልጅ የተጫነ ፈረስ ይዞ ግንጪ ላይ ይጠብቀዋል። ዕረፍታችን ከዚያች ሰዓት ይጀምራል፤ የፈተናው ጭንቀት፣ የኪራይ ቤቱ ጥበት፣ የከተማው ኑሮ ሁሉ እግራችን እርካብ ሲነካ ከላያችን ይወርዳል።

ፈረስ መቀመጥ ግን እንዲሁ የሚገኝ ነገር አልነበረም። በመጀመሪያ ከኮርቻው ሥር የሚደረገው ጨርቅ ተራግፎ ይነጠፋል፤ አንዲት ጭራሮ ከሥሩ ከቀረች የፈረሱ ጀርባ ይመለጣልና። ኮርቻው ከተጫነ በኋላ ጠፍሩ ጠበቅ ይደረጋል፤ ጥቂት ከተሄደም በኋላ ቆም ብሎ እንደገና ማጥበቅ ነው። የጥንቱ እርካብ ለባዶ እግር የተሠራ ስለሆነ አውራ ጣት የምትገባበት ትንሽ የብረት ቀለበት ናት፤ ጫማ የለመደ ተማሪ ጫማውን አውልቆ ከኮርቻው ጋር ያስራል። ዳገት ላይ ወደ ፊት ዘንበል ይባላል፣ ቁልቁለት ላይ ወርዶ ልጓሙን ይዞ መሄድ ነው። ላቡ ያልደረቀ ፈረስ ውሃ አይሰጠውም። ማታም ፈረሱ ገብሱ ሳይቀርብለት ጋላቢው ገበታ አይቀርብም። እነዚህን ሕጎች መጽሐፍ አላስተማረንም። የጣሰ ልጅ በሽማግሌ ፊት ይገሠጻል፤ በሚቀጥለው ክረምትም የሚላክለት ፈረስ የጭነት አጋሰስ ሊሆን ይችላል።

ከግንጪ ወደ ጀልዱ ሲወጣ ብርዱ ይጨምራል። ጀልዱ የገብስና የድንች አገር ነው። በሐምሌ ጉሙ ከማለዳ ጀምሮ ማሳው ላይ ይተኛል፤ ከፊት ያለው ፈረስ ጭራ ብቻ ይታያል። ሶምሶማ የሚቻለው ጠፍጣፋው ላይ ነው። ሽምጥ መጋለብማ መሬቱ ሲጠነክር፣ ለመስቀልና ለጥር የሚቆይ ደስታ ነበር። በክረምቱ መንገድ ሰው በእርምጃ ይሄዳል፤ በእርምጃ ስለሚሄድም ሁሉን ያያል። የማን ማሳ እንደሆነ፣ ዘንድሮ ማን ጎጆ እንደ ወጣ፣ የትኛው ወንዝ ከፍ እንዳለ ይጠይቃል፤ ከመንገድ ዳር ያለውም ሰው ሥራውን አቁሞ ይመልሳል።

መንገዱ በአንድ ቀን አያልቅም፤ ሌሊት የግድ ነው። የዚያ ዘመን ዋና ነገር ለእኔ ይህ ነው። ፈረስና ጋላቢ መሐል ላይ ማደር ነበረባቸው፤ ያ ማደር ዘመድ ይፈጥር ነበር። ሲመሽ ጭስ ወደሚታይበት ግቢ ጎራ እንላለን። ውሻው ይጮሃል፣ አባወራው ጋቢውን ደርቦ ይወጣል። መጀመሪያ የሚያየው እኛን አይደለም፤ ፈረሱን ነው።

«ይህ ቦራ ከግንደ በረት አይደለም እንዴ? ባለፈው ዓመት በዚህ ሲያልፍ አውቀዋለሁ» ይላል።

«አዎ አባባ፣ ከካቺሲ ነው።»

«እንግዲያው የማን ልጅ ነህ?»

የአባት፣ የአያት፣ የቅድመ አያት ስም ይቆጠራል። አንድ ቦታ ላይ ወይ በጋብቻ፣ ወይ በጡት፣ ወይ በድሮ እንግድነት የሚያገናኝ ይገኛል። «በሉ ፈረሱን አራግፉለት! ልጄ፣ ግባ፣ እሳቱ ዘንድ ቅረብ» ይባላል። እግራችን በሞቀ ውሃ ይታጠባል። ጭኮ በቅቤ ርሶ ይቀርባል፣ እርጎ ይከተላል፣ ቡናው እስከ ሦስተኛ ይጠጣል። ጠዋት ስንነሳ ፈረሱ ጠግቦ፣ ጀርባው ታሽቶ እናገኘዋለን። ለዚህ ገንዘብ አውጥቶ መስጠት ነውር ነው። የሚከፈለው የባለቤቱ ልጅ ወደ ካቺሲ ገበያ ሲመጣ በእኛ ቤት በማደር ነው። በዚህ ዓይነት ከግንጪ እስከ ካቺሲ ያለው መንገድ ሁሉ በቤቶች የተያያዘ ነበር።

ካቺሲም በበኩሏ እንግዳ መቀበል ታውቅ ነበር። አልቤርጎዎቹ የጭቃ ግድግዳና የቆርቆሮ ክዳን ያላቸው፣ ከኋላ ግን ሰፊ ግቢ ያላቸው ነበሩ፤ ግቢው ለፈረስና ለበቅሎ ነው። መምህር፣ የጤና ባለሙያ፣ የቡና ነጋዴ፣ ዳኛ ከሩቅ ሲመጣ ከአልጋው በፊት ስለ ድርቆሽ ይጠይቃል። እሑድ ከሰዓት የመንግሥት ሠራተኞቹ ፈረስ ተውሰው ከከተማው ወጣ ብለው ወደ ሸለቆው አፋፍ ይጋልባሉ። እኛም እንከተላቸዋለን። አፋፉ ላይ ሲደረስ ደጋው ይቋረጣል፤ ከሥር ቆላው በሙቀት ይጨሳል፣ በማዶ የሌላው አገር አምባ ይነሳል። ያን ያየ መምህር ዝውውር ሲመጣለት እያዘነ እንደሚሄድ አውቃለሁ።

ፈረሱም ዝም ብሎ ፈረስ አይባልም፤ ዳማ፣ ቦራ፣ ጉራቻ፣ አምባላይ ተብሎ በመልኩ ይጠራል። የእንስሳት ተመራማሪዎች የኢትዮጵያን ፈረሶች በስምንት ዓይነት ሲከፍሉ ሰላሌንና ሆሮን በስማቸው ጠርተዋል። ግንደ በረት በሁለቱ መካከል ነው፤ ሰላሌ ከሙገር ማዶ፣ ሆሮ ከጉደር ማዶ ይገኛሉ። ስለዚህ በገበያችን ፈረስ የሚገዛ ሰው ጥርሱን ካየ በኋላ ከየትኛው ሸለቆ ማዶ እንደመጣ ይጠይቅ ነበር። ሽማግሌዎቹ ደግሞ የጥንት ጦረኞችን በፈረስ ስማቸው ያነሷቸዋል፤ ዳግማዊ ምኒልክን አባ ዳኘው፣ ራስ ጎበናን አባ ጥጉ፣ የጨቦውን ሰው ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስን አባ መላ እያሉ። በጥር ሙሽራ የሚያጅቡት ፈረሰኞች ለጉግስ ሲሰለፉ፣ በቀይ ክርና በዛጎል ያጌጠው ልጓም በፀሐይ ሲያበራ፣ ሕፃን ሁሉ ለራሱ የፈረስ ስም ያወጣል።

ከዚያ በኋላ መንገዱ ተሻሻለ። ደግ ነገር ነው፤ ይህን ሳልል ባልፍ በደል ይሆናል። ምጥ የጠናባት እናት በቃሬዛ የምትወሰድበት አገር መኪና ይገባዋል። ተማሪውም ጠዋት ተነስቶ ከሰዓት አምቦ ይገባል፣ ሲመሽ ፍል ውሃው ውስጥ ሊዋኝ ይችላል። በሞተር ሳይክል የሚሄደው ወጣት አባቱ በሁለት ቀን ይጓዘው የነበረውን በጥቂት ሰዓት ይጨርሳል። ነገር ግን መሐል ላይ ማደር ቀረ። እናድርበት የነበረው ቤት ልጆች አድገው ልጅ ወልደዋል፤ እኛ በበራቸው በመኪና ስናልፍ ማን እንደሆንን አያውቁም፣ እኛም አንቆምም። እንግድነቱ፣ የማን ልጅ ነህ መባባሉ፣ በገበያ ቀን ተራ በተራ ማስተናገዱ ፈረሱን ተከትሎ ሄደ። ሐዘኔ ለፈረሱ ብቻ አይደለም፤ በእርሱ ምክንያት እንተዋወቅ ለነበርነው ሰዎች ነው።

ዛሬ በዚሁ በሸዋ ሰው ገንዘብ ከፍሎ ፈረስ የሚቀመጥበት ቦታ አለ። ከአምቦ በስተደቡብ 3,386 ሜትር በሚደርሰው የወንጪ ተራራ ላይ፣ የአካባቢው ገበሬዎች ተደራጅተው ፈረሶቻቸውን በተራ እያቀረቡ እንግዳ ወደ ሐይቁ ያወርዳሉ። ከዚያ በጀልባ ወደ ደሴቲቱ፣ ወደ ቂርቆስ ይሻገራል። ወንጪ በ2012 ዓ.ም. ከገበታ ለሀገር ፕሮጀክቶች አንዱ ሆነ፤ በ2014 ዓ.ም. የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከመረጣቸው ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች ተቆጠረ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ አዲሱ ሎጅ ተመረቀ። እዚያ የከተማ ልጆች በፈረስ ጀርባ ላይ ሆነው ሲስቁ ሳይ ደስ ይለኛል፤ እኛ በነፃ ያገኘነውን ደስታ ሲቀምሱ ነውና።

በሜዲትራኒያን ዳርቻ ያሉ አገሮች ገበሬው ከእንግዳ የሚጠቀምበትን መንገድ ቀድመው አስበውበታል። ጣሊያን በ1985 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ ገበሬ በእርሻ ቤቱ እንግዳ እንዲያሳድርና ከጓዳው እንዲመግብ መንገድ ከፈተችለት። ዛሬ በእንዲህ ያሉ ቤቶች እንግዳው ጠዋት ፈረስ ይጋልባል፣ ማታ የባለቤቶቹን ወይንና አይብ ይቀምሳል። የጀልዱ አባወራ ጭኮና እርጎ አቅርቦ፣ የእንግዳውን ፈረስ ገብስ አብልቶ የሚያሳድረው ሌሊት ከዚህ በምን ያንሳል? ልዩነቱ እነርሱ ልማዳቸውን ሳይጠፋ መመዝገባቸውና ገበሬው እንዲጠቀምበት ማድረጋቸው ነው።

እኛም ገና ጊዜ አለን። የግንደ በረት አፋፍ አልተነቃነቀም፤ ከግንጪ እስከ ካቺሲ ያሉት ቤቶችም እንግዳ መቀበል አልረሱም። እየጠፋ ያለው ዕውቀቱ ነው። ኮርቻ የሚሠራው፣ ፈረስ የሚያገራው፣ የታመመውን ፈረስ ከአረማመዱ የሚለየው ሰው አርጅቷል፤ ሞተር የያዘው ልጁ ከእርሱ አልተማረም። ወረዳው፣ ከአምቦ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ፣ እነዚህን ሽማግሌዎች ይፈልግ፣ ይጠይቅ፣ ከእነርሱ የሚማር ወጣት ይመድብላቸው። ከአውራው መንገድ ፈቀቅ ብሎም አንድ የፈረስ መንገድ ከነማደሪያ ቤቶቹ ይከለል፤ ገቢው ለሚያሳድሩት ገበሬዎች ይሁን። ያን ጊዜ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ልጅም፣ ከባሕር ማዶ የሚመጣ እንግዳም ጀልዱ ላይ ያድራል፤ የማን ልጅ እንደሆነም ይጠየቃል። የእኛ ልጆች ደግሞ እኛ በትዝታ ብቻ የያዝነውን ሙያ በእጃቸው ይይዙታል።